ስለ መክተፍና ስለ መለወስ

በቋንቋችን የምግብ ስም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በምግቡ ላይ ከተሠራው ሥራ ነው። የተጠበሰው ጥብስ፤ የተቀቀለው ቅቅል፤ የነፈረው ንፍሮ፤ የተፈተፈተው ፍትፍት ይባላል። ሥጋው በቢላዋ ስለሚከተፍም ክትፎ ተባለ። ይህ ስም አወጣጥ የተስተካከለ መስሎ ቢታይም፤ እኛ እንደምናምነው ግን የክትፎን ስም ያወጣው ሰው ማእድ ቤት ገብቶ እስከ መጨረሻው አልቆየም። ቢላዋው ሥራውን ሲጨርስና የገበታው ድምፅ ሲቆም ተነሥቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፤ ይኸውም ሥጋውን፤ ቅቤውን፤ ሚጥሚጣውንና ጨዉን አንድ አካል አድርጎ መለወስ፤ ድምፅ የሌለው ሥራ ስለ ሆነ በስሙ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

ይህን ጉዳይ እንድናስብ ያደረገን የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቡታጅራ ተልከን ሁለት ሳምንት ያህል በቆየንበት ጊዜ፤ ያረፍንበት ግቢ ባለቤት የሆኑት አሮጊት በማእድ ቤታቸው በር ላይ በርጩማ ሰጥተውን፤ ሥራቸውን ስናይ አልከለከሉንም። በመጀመሪያው ቀን፤ ወንድ ልጅ ማእድ ቤት ምን ይሠራል ብለው ስቀውብን ነበር። ኋላ ግን ደብተር ይዘን መቀመጣችንን ሲያዩ፤ «ልጄ፤ ይህን ደግሞ ለመንግሥት ልትጽፈው ነውን?» ብለው ጠየቁን። እኛም፤ «የለም እማማ፤ ለራሴ ነው» ብለን መለስን። ዛሬ ግን በመንግሥት መጽሔት ላይ ስለምንጽፈው፤ የዚያን ጊዜው መልሳችን ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ ሰው፤ ልብ ቢለው፤ የመቁረጫን ታሪክ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ያገኘዋል። ዓለም ገናን አልፎ አዋሽን በሚሻገርበት አካባቢ መልካ ቁንጡሬ አለ። በዚያ ስፍራ የጥንቱ ሰው ከባልጩትና ከሌላም ድንጋይ ፈልጦ የሠራቸው መቁረጫዎች ከአፈር ውስጥ ወጥተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ይገኛል። ስፍራው በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ጢያ ይደረሳል። በጢያ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች መካከል 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ሲሆኑ፤ ከቅርጾቹ ሁሉ ዓይን የሚስበው ሰይፍ ነው። ከሰይፉ ጋር የሚታየውን ቅጠል መሰል ምልክት የእንሰት ቅጠል ነው የሚሉ ሰዎችም አሉ።

እንግዲህ ድንጋይ ስለቱን ጠብቆ ያቆያል፤ ቅጠሉንም ምናልባት ይጠብቃል። የሚለውስ እጅ ግን የሚተወው አሻራ የለም። የተለወሰው ነገር በዚያው ዕለት ይበላል፤ እጁም ይታጠባል። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰይፍ ብዙ፤ ስለ ማማሰያ ግን ጥቂት መጻፋቸው ምናልባት ከንቀት ብቻ የመጣ ሳይሆን፤ ከእንጨትና ከቀንድ የተሠራ ዕቃ ፈጥኖ የሚጠፋ በመሆኑም ጭምር ይሆናል። ሆኖም ንቀቱም አለበት።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ በስተ ምዕራብ የዘቢዳርን ተራራ ተንተርሳ፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደውን ሜዳ እያየች የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ በኋላ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በከተማይቱና በዙሪያዋ መስቃን፤ ሶዶ፤ ስልጤና ማረቆ እየተገናኙ ይገበያያሉ። ከደጋው እንሰት፤ ቆጮ፤ ቡላና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይወርዳል፤ ከቆላው ወገን ደግሞ በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀው የማረቆ በርበሬ ይወጣል። የዚህ ሁሉ መገናኛ ገበያው ነው ይባላል። እኛ ግን ገበያው መለዋወጫ እንጂ መገናኛ አይደለም እንላለን። በገበያ ላይ ቅቤው በቅጠሉ፤ በርበሬው በጆንያው እንደ ተለያዩ ናቸው። በእውነት የሚገናኙት ማታ፤ በጣባው ውስጥ ነው።

በአንዲት ጣባ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዕድሜው እኩል አይደለም። እንሰት ከሁሉ በፊት የነበረ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ዱር በቀሉ ዝርያ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ቢገኝም፤ አልምቶና አላምዶ ለምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ኮረሪማም የደቡብ ምዕራብ ጫካችን ልጅ ነው። ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ በባሕር የመጣ የቆየ እንግዳ ነው። ሚጥሚጣ ግን፤ ዛሬ ያለ እርሱ ክትፎን ማሰብ የማይቻለው ሚጥሚጣ፤ ከሁሉ በኋላ የገባ ነው። የበርበሬና የሚጥሚጣ ዘር መነሻው የአሜሪካ ምድር ስለ ሆነ፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእኛ አገር ሊኖር አይችልም ነበር። ስለዚህ ስለ ክትፎ ሲነሣ «ከጥንት ከመሠረቱ እንዲሁ ነበረ» የሚለው ንግግር ለቅቤውና ለእንሰቱ ቢሠራም ለሚጥሚጣው አይሠራም። በአንድ ወቅት፤ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ሴት፤ ከሩቅ የመጣውን ቀይ ፍሬ ወቅጣ፤ ከአገሯ ኮረሪማ ጋር ቀላቅላ፤ በቅቤ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨምራዋለች። ይህን ያደረገችው አንዲት ሴት ትሁን ብዙ፤ ድርጊቱ ግን የአንድ ዘመን ፈጠራ እንጂ ከአዳም የወረደ ልማድ አይደለም። እኛም ይህን ማወቃችን ለምግቡ ያለንን አክብሮት ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

ስለ ክትፎ ለመናገር አስቀድሞ ስለ ቆጮ መናገር ግድ ነው። የከተማ ሰው ቆጮን እንደ ማባያ ይቆጥረዋል፤ በጉራጌ አገር ግን ቆጮው ዋናው እንጀራ ሲሆን ሥጋው የበዓል እንግዳ ነው። እንሰቱ ከተተከለ አራት፤ አምስት፤ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ቆይቶ ሲደርስ ይቆረጣል። ሴቶቹ ተሰብስበው ግንዱን እየለያዩ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ጥርስ ባለው እንጨት እየቀጠቀጡ ያደቁታል። ከዚያ ሁለቱን ይለውሱታል። በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱትና ይጫኑታል፤ ለሳምንታት፤ ለወራት፤ እንደ አገሩ ቅዝቃዜም ከዓመት በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝም ብሎ አይተውም፤ እየተከፈተ ይገላበጣል፤ ይታሻል፤ ቅጠሉ ይለወጣል፤ እንደገና ይከደናል።

የማእድ ቤቱ እመቤት አንድ ቀን ከሁለት ጉድጓድ ያወጡትን ቆጮ በፊታቸው አድርገው አገኘናቸው። አንደኛው የከረመ፤ ሽታው ብርቱ፤ ሁለተኛው ገና ለጋ ነበር። ከከረመው ጥቂት ከለጋው ብዙ አድርገው ሲያዋሕዱ አይተን፤ ልኩ ስንት ነው ብለን ጠየቅን። ጥያቄያችን የጽሕፈት ቤት ሰው ጥያቄ ነበር። እርሳቸውም ከሊጡ ቆንጥረው በጣታቸው መካከል አሸት አድርገው ለእኛም ሰጡንና፤ «ይህን የሚመስል ሲሆን» አሉን። እኛ ሁለቱን ቁንጣሪ በጣታችን ብናሸው ልዩነት አላገኘንበትም። ልኩ በቁጥር አይነገርም፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተምሮታልና።

ከዚያም ሊጡን በጨርቅ ጨምቀው ውሃውን ካወጡ በኋላ በገበታ ላይ አድርገው በቢላዋ ይከትፉት ጀመር። ይህ መክተፍ ቃጫውን ለመቁረጥ የሚደረግ ነው፤ ቃጫው ካልተቆረጠ ቂጣው ሲበላ በጥርስ መካከል ይቀራል። ከትፈው፤ ቃጫውን ለቅመው፤ እንደገና ከትፈው፤ እንደገና ያሹታል። ስለዚህ በዚያ ቤት ከሥጋው በፊት የሚከተፈው ቆጮው ነው። ይህን ባየን ጊዜ፤ ክትፎ የሚለው ሥራ ከእንሰቱ ገበታ ወደ ሥጋው ገበታ ተሻግሮ ይሆንን? የሚል አሳብ መጣብን። ማስረጃ የምናቀርብበት ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቢላዋውም፤ ገበታውም፤ የምትከትፈውም ሴት፤ የክንዷም አነሣሥ አንድ መሆኑን በዓይናችን አይተናል።

ከእንሰቱ ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ቡላ ይህ ነው። የማማሰል ትምህርት ቤቱም ቡላ ነው። ቡላ በሙቅ ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ ቢበተን ይጓጉላል፤ ውጭው በስሎ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱን የኬሚስትሪ መምህራን ያውቁታል፤ ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። ስለዚህ ባልትና የምታውቅ ሴት አስቀድማ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ፤ ቀስ እያለች እያፈሰሰች፤ ማማሰያዋን ሳታቋርጥ ታዞራለች። ዲግሪውን አልተማረችም፤ ማማሰያው በእጇ ላይ ሲከብዳት ግን ሰዓቱ መድረሱን ታውቃለች። በስልጤ በኩል አተካና የሚባለው የበዓል ምግብ ከዚሁ ከቡላ፤ በቅቤና ከወተት በሚገኝ ነገር የሚሠራ ሲሆን፤ ትዕግሥት ለሌላት ሴት አይሆንም ይላሉ።

አሁን ወደ ክትፎው እንምጣ። እኛ ባየነው ቤት፤ ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋ ከጅማቱ ሁሉ ተለይቶ ከተመረጠ በኋላ በእንጨት ገበታ ላይ ተከተፈ። ቢላዋው እጅግ የተሳለ ነበር፤ ደንዛዛ ቢላዋ ሥጋውን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ሥጋም ውሃውን ይለቃል። በመኪና የሚፈጨው ሥጋ የሚያሳየውም ጠባይ ይኸው ነው። መከተፉ ሲያልቅ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ሆኖ ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ በጣባ ሆኖ ፍም ላይ ተጣደ። ሲቀልጥም ከፍሙ ወረደ። እመቤቲቱ ምንም ሳይሠሩ ተቀመጡ። እኛም ምን እንጠብቃለን? አልናቸው። ጣታቸውን በቅቤው ነክረው የእጃቸውን ጀርባ ቀቡና፤ «እስኪታገሥ» አሉን። ቅቤው ነው የሚታገሠው። ከዚህ በኋላ ሚጥሚጣውንና ጨዉን ጨምረው በቀንድ ማንኪያ አማሰሉ፤ ሥጋውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እፍኝ በእፍኝ እየጨመሩ፤ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ፤ በማንኪያው ጀርባ እየጫኑ ለወሱት። የመጀመሪያው እፍኝ ቀይ ሲሆን ቅቤው ብቻውን ይታይ ነበር፤ በመጨረሻው ቅቤው ከዓይን ጠፋ፤ ሥጋው ግን አበራ።

በሦስተኛው ቀን እኛ እንሞክር ብለን ለመንናቸው። ፈቀዱልን። ቅቤው እስኪታገሥ አልታገሥንም። ሥጋው በጣባው ውስጥ እንደ ገባ መልኩ ወደ ግራጫ ተለወጠ፤ የቅቤውም ዘይት በዳር በዳር ተለይቶ ቆመ። እማማ ቀምሰው፤ «መልካም ጥብስ ነው» አሉን። በኋላ ከመጽሐፍ እንደ ተረዳነው፤ ቅቤ ፈጽሞ የሚቀልጠው ከ35 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፤ የሥጋ ፕሮቲን ደግሞ 50 ዲግሪ ሲጠጋ መለወጥ ይጀምራል። የክትፎ ለዋሿ ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ መቆም ነው። ከዚያ በታች ቢሆን ቅቤው በሥጋው ላይ ረግቶ በአፍ ውስጥ እንደ ሰም ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን የእኛው ጥብስ ይሆናል። ለብ ለብ የሚባለው ክትፎ ግን ይህን ሁለተኛውን ወሰን አውቆ ጥቂት የሚጥስ ነው። ጥሬ ሥጋ ከሚያመጣው የትል በሽታ አንጻር ሐኪሞች ማብሰሉን የሚመክሩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አባቶቻችንም ኮሶን በየጊዜው የሚጠጡት ስለዚሁ ነበር።

ጥሬ ሥጋን አድቅቆና ለውሶ መብላት የእኛ ብቻ አይደለም። በሊባኖስ ጥሬ ሥጋ ከተፈተገ ስንዴ ጋር ተለውሶ ይበላል፤ በፈረንሳይም በታታሮች ስም የሚጠራ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ አለ፤ ከእንቁላል አስኳል ጋር ይቀርባል። በሁለቱም ግን የጋለ ቅቤ የለበትም። ስለዚህ የመታገሡ ነገር የእኛ ነው።

ሁሉም ነገር በማማሰል ብቻ የሚሆን እንዳይመስል ስለ አይብ አንድ ቃል እንጨምር። ወተቱ ረግቶ ከተናጠና ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በስሱ እሳት ላይ ይጣዳል። በዚህ ጊዜ ማማሰያ የሚያነሣ እጅ ሥራውን ያበላሻል። አይቡ በራሱ ጊዜ ተሰብስቦ ወደ ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ የነካው እንደ ሆነ ይበታተንና ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። መማሰል የሚጀምረው ከተጠለለ በኋላ ነው፤ ከተከተፈ ጎመንና ከቅቤ ጋር ተለውሶ የጎመን ክትፎ ይሆናል። በጉራጌ የመስቀል በዓል፤ ከእርዱ ቀን አስቀድሞ በደንጌሳት ዕለት የሚበላው ይህ የጎመን ክትፎ ነው። ሙስሊሞቹም ዘንድ፤ በተለይ በስልጤ፤ ከአረፋው እርድ በፊት የሴቶች አረፋ የሚባል ቀን አለ። ሃይማኖቱ ሁለት ሲሆን የበዓሉ ሥርዓት በአንድ ነገር ይስማማል፤ የወንዶቹ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የሴቶቹ እጅ የሠራው ይቀድማል። ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ተበትኖ የነበረው ነጋዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቀምሰውም ይህንኑ ነው።

በመጻሕፍት የተጻፈውን ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ገብቶ ጎንደርን ካየ በኋላ፤ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ ረጅም ነገር ጻፈ። የለንደን ሰዎች ብዙዎቹ ውሸታም አሉት። ያው ብሩስ የእንሰትን ተክል ገልጾ ሥዕሉን አሳትሟል። ሥጋውንም አየ፤ እንሰቱንም አየ። ሁለቱን በአንድ ገበታ የምታገናኘውን ሴት ግን አላየም፤ ወደ ማእድ ቤት የሚያስገባው አልነበረምና።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፤ በ1887 እ.ኤ.አ.፤ እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ታላቅ ግብር አገቡ። ጀምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ግብር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ የተሰበሰበበት ጊዜ አድርጎ ቆጥሮታል። የመጽሐፉም ስም ድስት ማማሰልን የሚመለከት መሆኑ ደስ አሰኝቶናል። ዊሊያም ሻክ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ጽፎ አሳትሟል፤ ስለ እንሰቱ አተካከል፤ ስለ ሥርዓቱና ስለ ሴቶቹ ድካም ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልጻፉትን ጻፈ። እርሱ ከገለጣቸው ነገሮች አንዱ እኛን አሳዝኖናል። የእንጨቱን ዕቃ የሚጠርቡት፤ የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት ባለሙያዎች በንቀት ስም እየተጠሩ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማእድ አይቀርቡም፤ መሬትም አያርሱም ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹም በአገራችን በብዙ ስፍራ ይኸው ዕጣ ደርሶባቸዋል። ክትፎው ያለ ጣባና ያለ ገበታ አይሆንም፤ ጣባውን የሠራችው ግን ከጣባው አትበላም ነበር። ስለ ምግባችን ማማር ስንጽፍ ይህን ብንዘልለው ሐቀኞች አንሆንም። ንቀቱ ዛሬ ተዳክሟል፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ግን አንልም።

በዚያው በጉራጌ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ውርድወት የምትባል ሴት ተነሥታ፤ ሴቶች በጋብቻቸው ላይ መብት እንዲኖራቸው በሸንጎ ተሟግታለች። ስሟ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሸንጎ ድምፅ ያለበት ስፍራ ስለ ሆነ ስም ይወጣበታል። ከእርሷ ጋር በአንድ ዘመን ቅቤ ሲታገሥ የጠበቁት ግን በስም አይታወቁም።

ክትፎ ከቤት ወደ አደባባይ የወጣው በመንገድ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የጉራጌ ተወላጆች ለጉልበት ሥራ፤ ኋላም ለንግድ ወደ ከተማይቱ ጎረፉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ገንዘባቸውን እያዋጡ መንገድ የሚያሠሩ ማኅበራትን አቋቋሙ፤ ይህም በአገራችን የራስ አገዝ ልማት ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ነው። መንገዱ ሰውን ሲያመላልስ ቅቤውንና ቆጮውንም አመላለሰ። በከተማ ክትፎ ቤት ተከፈተ። በቤት ሲሠራ የሴት ብቻ የነበረው ሥራ በክትፎ ቤት ደመወዝ ሲያስገኝ የወንድም ሆነ፤ ቢላዋ ይዞ በመስኮት የሚታየውም እርሱ ነው። ይህን ስንል ወንድሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በሚገባ የሚለውሱ ወንዶች አይተናል። ነገር ግን የሥጋ መፍጫ መኪና ከገባ ወዲህ መክተፉ ራሱ ወደ መኪና ተላልፏል፤ እጅ የቀረለት መለወሱ ብቻ ነው፤ እርሱንም በብዙ ስፍራ ቅቤውን ከምድጃ ላይ እንደ ፈላ በማፍሰስ ያሳጥሩታል። ስሙን ያገኘበት ሥራ በመኪና ሲተካ፤ ስም ያጣው ሥራ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

የእንሰቱም ነገር ያሳስባል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት የኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ ነው። በጉራጌ አገር ግን በየጓሮው ጫትና ባሕር ዛፍ ስፍራውን እየተሻሙት ነው፤ ገንዘብ ቶሎ የሚያስገኘው እነርሱ ስለ ሆኑ ገበሬውን አንፈርድበትም። በላዩ ላይ አጠውልግ የተባለው በሽታ አለ። በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጽሑፍ ከተገለጠ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ መድኃኒት ግን አልተገኘለትም። ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ደግሞ፤ የታመመውን እንሰት ቆርጦ ሳይጸዳ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው።

ከቡታጅራ ልንመለስ ባለንበት ዋዜማ እማማ በጓሮአቸው አንድ እንሰት ሊቆርጡ ወጡ። የልጅ ልጃቸው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፤ አብሮ ወጣ። ከጎረቤት ጓሮ ሁለት እንሰት በአጠውልግ ደርቆ ስለ ነበረ፤ ልጁ በትምህርት ቤት የተነገረውን አስታውሶ ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀብሎ በፍም ላይ ይዞ ያገላብጠው ጀመር። እርሳቸውም የልጁን ነገር እያዩ ፈገግ ብለው፤ በማሰሮው ውሃ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ታጠቡ። «አንተ እርሱን አጽዳ፤ እኔ ይህን» አሉት። ልጁ ቢላዋው ቀዝቅዞ እስኪነካ ድረስ እንዲጠብቅ ነገሩት፤ እርሳቸውም ተቀምጠው አብረውት ጠበቁ።